ዓሣን የሚያበላሸውም የሚያበስለውም ሙቀት ነው፦ ከኮቃ መረብ እስከ ዓለም ገና ድስት

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከቃሊቲ እስከ ዓለም ገና፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ ዓሣ ቤቶች በር ላይ ሰው ይበዛል። ገዢው ሁሉ «ዛሬ የገባ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ፣ ዛሬ ነው» ይባላል። ቤት ደርሶ ፌስታሉ ሲፈታ ግን ሽታው ሌላ ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን የዓሣ ተፈጥሮ አድርጎ ተቀብሎታል። ስህተት ነው። አሁን ከውሃ የወጣ ዓሣ የሚሸተው እንደ እርጥብ ሣር፣ እንደ ውሃ ዳር ነው። ያ የሚያስጠላው ሽታ በመንገድና በመደርደሪያ ላይ የተጨመረ ነው፤ የጨመረውም ሙቀት ነው።

ዓሣ የገላውን ሙቀት እንደ እኛ አይቆጣጠርም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል፣ ሲሞቅ ይሞቃል። ስለዚህ የትኛው ዓሣ የት እንደሚኖር፣ በስንት ሰዓት መንጠቆ እንደሚነክስ፣ ከሞተ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ እሳት ላይ መቼ መውጣት እንዳለበት የሚወሰነው በሙቀት ነው። ይህን የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ይገባዋል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚሸጠው የትኛው ዓሣ ነው?

በብዛት ቆሮሶ ነው፦ ጠፍጣፋ፣ ሰፊ ቅርፊት ያለው፣ ጀርባው ላይ የሚወጋ እሾህ የተሰለፈበት። ቀጥሎ አምባዛ፦ ቅርፊት የሌለው፣ አፉ ዙሪያ ጢም ያለው፣ ጭንቅላቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ። ካርፕና ቢልጫም ይገኛሉ፤ ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው፤ ችግራቸው በሥጋው ውስጥ የተበተነው ሹካ መሰል ቀጭን አጥንት ነው፤ ለልጅ አይመከሩም። ነጭ ዓሣ የሚባለው ትልቁ ከአባያና ከጫሞ ይመጣል።

ለአዲስ አበባ ቅርብ ከሆኑት ውሃዎች ዋነኛው ኮቃ ነው። ኮቃ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም፤ አዋሽ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1960 በተጠናቀቀው ግድብ ተገድቦ የተኛበት ነው። ከዚያ ወዲያ የዝዋይ ሐይቅ አለ።

አንድ ስሌት ይያዝ፦ ከ3 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ 1 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። የፊሌቶ ዋጋ ከሙሉ ዓሣ በእጅጉ ሲበልጥ ነጋዴው ዘረፈ ከማለት በፊት ይህን ማስላት ይገባል።

ትራውትና ሳልሞን ለምን እዚህ አይጠመዱም?

ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዓሦች ናቸው፤ ሁለቱም ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውሃ ይፈልጋሉ። ትራውት የሚመቸው ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከ20 ሲያልፍ ይጨነቃል፣ 25 አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ቆሮሶ ተቃራኒው ነው፦ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ሲሆን ከ16 በታች ሲወርድ መብላቱን ያቆማል።

ትራውት በአገራችን አለ። በባሌ ተራሮች በዌብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ይኖራል፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ነው። እዚያ የቆየው ወንዞቹ ከደጋ የሚወርዱ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጩ አየር የሚያስገቡና ንጹሕ ስለሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያም ደጋ ነው፤ ብርዱ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ንጹሕ ወራጅ ውሃ ነው። አየሩም መታሰብ አለበት። በባሕር ወለል ደረጃ አንድ ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ25 ዲግሪ 8 ብቻ። በ2,300 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚህም ሩብ ያህሉ ይቀነሳል። ቆሻሻ ሲጨመርበት ለትራውት የሚተርፍ ትንፋሽ የለም።

ሳልሞን ግን ጨርሶ አይታሰብም። እንቁላሉን በወንዝ ይጥላል፣ ጫጩቱ ወርዶ በባሕር ያድጋል፣ ለመራባት ወደ ወንዙ ይመለሳል። የእኛ አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በሱፐርማርኬት የሚታየው ሳልሞን ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሰበታን ማንሳት ይገባል። የብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያ ነው። በሰበታ ወይም በሆለታ ጓሮ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ማርባት የሚያስብ ሰው ግን ይህን አስቀድሞ ይወቅ፦ ሌሊቱ ስለሚበርድ ዓሣው አይሞትም፣ እድገቱ ግን ይንቀራፈፋል። ለዓሣው ከጥልቅ ኩሬ ይልቅ ቀን ፀሐይ የሚያገኘው፣ ነፋስ የማይመታው ኩሬ ይሻለዋል።

ዓሣ መንጠቆ የሚነክሰው መቼ ነው?

ቆሮሶ ሆዱ የሚከፈተው ውሃው ሲሞቅለት ነው። በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ በኅዳርና በታኅሣሥ ገና ሳይነጋ ሄዶ መቀመጥ ብርድ ማትረፍ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ ጥልቀት የሌለውን ዳር ስታሞቀው፣ ይነክሳል። አፉ ትንሽ ነው፤ 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ፣ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ክር፣ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚያጠልቅ ተንሳፋፊ ይበቃዋል። ማባበያው ትል ወይም ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ ነው። ሊጡ ቶሎ የሚሟሟ ከሆነ ትንሽ ጥጥ አብሮ ይታሻል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ትልቅ መንጠቆ በመምረጥ ነው፤ ቆሮሶው ትሉን ከዳር ከዳር ይለቅመዋል፣ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል።

አምባዛ የማታ አዳኝ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከወለሉ ላይ፣ በእርሳስ ክብደት፣ 0.40 ሚሊ ሜትር ክርና ትልቅ መንጠቆ፣ ጉበት ወይም የዓሣ ቁራጭ ማባበያ። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል፤ ሕያው ሆኖ ገበያ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ለገበያ የሚወጣው አብዛኛው ዓሣ ግን በመረብ የተያዘ ነው። መረቡ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሣል። ማታ መጀመሪያ ላይ የተያዘው ዓሣ መረቡ ውስጥ ሞቶ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ እስከ 10 ሰዓት ሊያድር ይችላል። «ዛሬ ጠዋት የወጣ» የሚባለው ዓሣ ሁሉ እኩል ትኩስ ያልሆነው በዚህ ነው። ሁለት ጊዜ መረቡን የሚያይ አስጋሪ የሚያመጣው ዓሣ ሌላ ነው፤ ከሻጩ መጠየቅ የሚገባውም ይኸው ነው።

ብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መበተን ግን ማጥመድ አይደለም። ዱቄቱ ትልቁንም ጫጩቱንም አብሮ ይገድላል። ቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቷን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ናት፤ አንዷ ስትሞት በመቶ የሚቆጠር አብሮ ያልቃል።

ዓሣ በጅምላ ሞቶ ሲንሳፈፍ መርዝ ነው ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጥልቅ ሐይቆች ላይ ይህ በብርድ ወቅት ይታያል። ውሃው እንደ ተነባበረ ፍራሽ ነው፦ ሞቃቱ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ኦክሲጅን የሌለው ከታች። ብርድና ነፋስ ሲበረታ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፣ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣው በውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። መንስኤው መርዝ ባይሆንም ተንሳፍፎ የተገኘ ዓሣ አይለቀምም፤ መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለምና።

ከአቃቂ ወንዝና ከአባ ሳሙኤል ግድብ የወጣስ ይበላል?

አይበላ። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የከተማውን የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ይገባሉ። እሳት ጀርሞችን ይገድላል፤ በዓሣው ሥጋና ጉበት ውስጥ የተጠራቀመ እርሳስና ክሮምየምን የመሰለ ብረት ግን ተቀቅሎም ተጠብሶም አይጠፋም። ኮቃ ላይም ውሃው አረንጓዴ ቀለም እንደፈሰሰበት የሚሆንበት ወቅት አለ፤ ይህ አልጌ መሰል ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ የሚበዛው በዓሣው ጉበትና አንጀት ስለሆነ ከዚያ የመጣ ዓሣ ሆድ ዕቃው ሁሉ ይጣላል፤ ለድመትም አይሰጥ።

ከሞተ በኋላ ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሰነው። በረዶ ውስጥ በ0 ዲግሪ የተቀመጠ ዓሣ የሚያረጅበትን ፍጥነት አንድ እንበለው። በ5 ዲግሪ፣ ማለትም በተለመደው የቤት ፍሪጅ፣ ፍጥነቱ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በ10 ዲግሪ አራት እጥፍ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ከኮቃ እስከ ቃሊቲ ያለ በረዶ፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ሁለት ሰዓት የተጓዘ ዓሣ፣ በረዶ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን እንደቆየ ያህል አርጅቷል። በበረዶ የተያዘ ቆሮሶ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ትራውት በዚያው በረዶ ቶሎ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ገላው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ቀድሞውንም ብርድ የለመዱ ናቸው። የቆሮሶው ባክቴሪያዎች ሙቀት የለመዱ ስለሆኑ በረዶው ያደነዝዛቸዋል። የሞቃት ውሃ ዓሣ ላይ በረዶ መቆጠብ ትልቅ ኪሳራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስንት በረዶ? 10 ኪሎ ዓሣን ከ25 ወደ 0 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ 2.5 ኪሎ ግራም በረዶ ይቀልጣል። የቀረው በመንገድ ላይ ከውጭ ለሚገባው ሙቀት ነው። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ማሰብ አያሳስትም። በረዶው ይፈጫል፤ ትልቅ ብሎኬት ዓሣውን የሚነካው በጎኑ ብቻ ነው። ከሥር አንድ ንብርብር በረዶ፣ ዓሣ፣ በረዶ፣ ዓሣ፣ ከላይ በረዶ። ሳጥኑ ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ የቀለጠው ውሃ ደምና አተላ ይዞ ይውረድ እንጂ ዓሣው አይዋኝበት።

ከበረዶው በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ አለ። ዓሣው እንደወጣ ከዓይኖቹ በላይ በዱላ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ከዚያም ስንጥቡ፣ ማለትም የሚተነፍስበት ቀይ ማበጠሪያ መሰል አካል፣ በቢላ ተቆርጦ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ደሙ ይፈስሳል። ሲንፈራገጥ እንዲሞት የተተወ ዓሣ በጡንቻው ያለውን ጉልበት ስለሚጨርስ ገላው ቶሎ ይገተራል፣ ቶሎም ይላላል። ደሙ ያልፈሰሰ ፊሌቶ ቀላ ያለ መስመር ይታይበታል፤ ሽታ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ዓሣ ቤት ውስጥ ምን ልይ?

ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ ይሁን፤ የሰመጠ ወይም ነጭ የደፈነው ቆይቷል። ስንጥቡ ገልጦ ይታይ፦ ደማቅ ቀይ ጥሩ ነው፣ ቡናማው ሊገዛ አይገባም። ጎኑን በጣት ሲጫኑት ስርጉዱ ተመልሶ ይሙላ። ፊሌቶ ሲሆን ምልክቶቹ ይቀንሳሉ፤ የቀረው ግልጽነቱ ነው። ትኩሱ ብርሃን በጥቂቱ ያሳልፋል፣ የቆየው እንደ ተቀቀለ ነጭ ሆኖ በራሱ ይሰነጣጠቃል፣ ፌስታሉም ሥር ውሃ ይጠራቀማል። በረዶ የሆነ ሳልሞንም ሆነ ፊሌቶ ሲገዛ ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ይቅለጥ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀልጥ ውጩ ሲሞቅ ውስጡ ገና ድንጋይ ነው።

የጭቃ ጣዕም ግን ከመበላሸት ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያው ዝናብ አፈር ሲመታ የሚሸተን ያው ነገር ነው፤ ጥቃቅን ሕዋሳት ያመነጩታል፣ ዓሣው በስንጥቡ ይስበዋል፣ ቆዳውና ጠቆር ያለው ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል። አምባዛ ላይ ይበረታል። ቆዳው ተገፎ፣ በጎኑ መሐል ያለው ጥቁር መስመር ተቆርጦ፣ ሥጋው ሎሚና ጨው ባለው ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ሲቀመጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ሕያው አምባዛ ያገኘ ሰው ደግሞ ሳይመግብ ጥቂት ቀን በየዕለቱ በሚቀየር ንጹሕ ውሃ ያቆየው፤ ጣዕሙ ሌላ ዓሣ ይሆናል።

ሲጸዳ ምን ይበላሻል?

ሐሞት። ሆዱ ሲሰነጠቅ የቢላው ጫፍ ጠልቆ ከገባ አረንጓዴው ከረጢት ይፈነዳል፤ የነካው ሥጋ ሁሉ ይመርራል። ቢላው ከፊንጢጣው ጀምሮ ወደ ጭንቅላቱ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ተቀናንቶ ይሂድ። ከፈነዳ ወዲያው ይታጠብ፣ አረንጓዴ የሆነው ክፍል ይቆረጥ። ሆዱን ውስጡን የሸፈነው ጥቁር ስስ ሽፋንና አከርካሪው ሥር ያለው የደም መስመር በማንኪያ ጫፍ ይፋቅ። የቆሮሶ ቅርፊት ከጭራ ወደ ጭንቅላት፣ ውሃ ውስጥ ተይዞ ሲፋቅ አይረጭም። አምባዛን በደረቅ ጨው ወይም በአመድ አሽቶ ማጠብ ልጋጉን ይወስዳል። የትራውት ቅርፊት እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ አይፋቅም።

ሥጋው ውስጥ ቢጫ ትል ቢታይ ቆሮሶ ላይ የሚያጋጥም ጥገኛ ትል ነው። የታየው ይወጣል፣ ቀሪው በደንብ ከበሰለ አይጎዳም። ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ መብላት ግን ሌላ ነው። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም። ጥሬውን የግድ የሚል ሰው አስቀድሞ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች 7 ቀን ያቀዝቅዘው፤ የተራ ፍሪጅ የላይኛው ክፍል ይህን አያደርስም።

እሳት ላይ ስንት ደቂቃ?

ብዙ ቤት ዓሣ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ እንደ በሬ ሥጋ ስለሚቆጠር። የበሬ ጅማት እስኪቀልጥ ሰዓት ይፈልጋል፤ የዓሣ ጅማት ስስ ነው፣ ሥጋው 63 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በስሏል። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ደቂቃ ውሃውን እየጨመቀ ያደርቀዋል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ለዓሣው ከበቂ በላይ ነው፣ ሽንኩርቱን ግን ያዘገየዋል። ስለዚህ ወጡ ብቻውን ይለቅ፣ ዓሣው በመጨረሻ ይግባ።

ለዓሣ ጉላሽ፣ 1 ኪሎ ፊሌቶ ከአውራ ጣት ርዝመት ባላነሰ ይቆረጥ፤ በሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ታሽቶ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው ውሃውን ስቦ ሥጋውን ያጠነክረዋል፤ ይህን የዘለለ ሰው ድስቱ ውስጥ ፍርፋሪ ያገኛል። ወጣ ያለው ውሃ ይደፋና በጨርቅ ይደረቅ። ግማሽ ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት በመካከለኛ እሳት 25 ደቂቃ ያህል ይቁላ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በትንሽ ውሃ ገብቶ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ስድስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሦስት የተፈጨ ቲማቲም። ቲማቲሙ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተውና ዘይቱ ዳር ዳር ሲወጣ ዓሣው ይደርደር። ከዚህ በኋላ ማንኪያ አይገባም፤ ድስቱ በጆሮው ተይዞ ይወዛወዛል። ክዳን ተደርጎ 8 ደቂቃ። ቃሪያና የጥብስ ቅጠል በመጨረሻው ሁለት ደቂቃ።

ሙሉ ቆሮሶ ሲጠበስ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚመዝነው ይመረጥ። ሁለቱም ጎኑ እስከ አጥንቱ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበጣ፤ ሙቀቱ መሐል የሚገባውም፣ ትንንሹ አጥንት የሚንኮሻኮሸውም በዚህ ነው። ይደረቅ፣ ስስ ዱቄት ይነካ። ዘይቱ የሽንኩርት ቁራጭ ሲጣልበት ዙሪያውን ወዲያው አረፋ የሚያወጣ ይሁን። አንድ አንድ ይግባ፤ ሦስት በአንድ ጊዜ ሲገቡ ዘይቱ ይበርዳል፣ ዓሣው ዘይት ይጠጣል፣ ከመጥበሻውም ይጣበቃል። በየጎኑ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። ለመገልበጥ ሲሞክሩ ከያዘ ገና ነው፤ ላዩ ተጠብሶ ሲጠነክር በራሱ ይለቃል።

ትራውትና ሳልሞን ቅባት ስላላቸው ጥልቅ ዘይት አያስፈልጋቸውም። በአንድ ማንኪያ ዘይት፣ ቆዳው ወደ ታች፣ ሦስት አራተኛው ጊዜ በዚያው ጎን ይብሰል። ሳልሞን ላይ ነጭ እርጎ መሰል ነገር ከወጣ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ይበላል፣ ሥጋው ግን ደርቋል።

ጭንቅላቱና አጥንቱ ሾርባ ይሆናል። ስንጥቡ ስለሚመር ተነቅሎ ይጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ መፍላት ሲጀምር አረፋው ይገፈፍ፣ በዝግታ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ይብሰል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይደፈርሳል። ለልጅ ከመሰጠቱ በፊት በወንፊት ሳይሆን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል፤ የጎን አጥንቱ በወንፊት ቀዳዳ ያልፋል።